የአባወራ ስም

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ስም መጥራት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዓባይ ማዶ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ በጢስ ዓባይ መንገድ ባለው የተፈናቃዮች መጠለያ፣ ዱቄት በሚታደልበት ቀን ዝርዝር ያነብ ነበር። የመረጡት ለድምፁ ነው፤ ከበረንዳችን ቢጣራ ድልድዩን ተሻግሮ ይሰማል ይሉት ነበር። የሰው ስም አበላሽቼ እንዳላስቀይም እያለ ቀድሞ ቤት ውስጥ ይለማመዳል። እሱ ይጠራል፤ እኔ ምስር እየለቀምሁ በተፈናቃዮቹ ፈንታ “አቤት” እላለሁ።

አንዱን ገጽ እንደጨረስን ምስሩን አስቀመጥሁ።

“ስማ እንጂ፣ ይኸ ሁሉ ወንድ ነው። የሚሰለፉት ሴቶች ናቸው ስትለኝ አልነበር?”

“ናቸው። ፎርሙ ግን ‘የአባወራ ስም’ ነው የሚለው። እኔ ያልተጻፈ አላነብም።”

“ባሏ የሞተባትስ?”

“በሟች ስም ትጠራለች፤ አለዚያም ወንድ ፈልጋ ታመጣለች።”

“ሰማይ ቤትም በአባወራ የሚጠሩን ከሆነ እኔ ውጭ ቀረሁ በለኛ!”

“አንቺማ በእኔ ካርድ ትገቢያለሽ፤ ምን አስጨነቀሽ” ብሎ ሳቀ።

ማክሰኞ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ልቡ ነው አሉ። እሱ ገባ፤ ካርዱም አብሮት ገባ።

አርባው ካለፈ በኋላ ዝርዝሩንና ለሥራው የሰጡትን ሰደርያ ልመልስ በባጃጅ ወደ መጠለያው ሄድሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሁልጊዜ “አይዞሽ” ከሚሉኝ ሰዎች ማምለጤም ነበር።

በሩ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፦ “የሴቶችና የልጃገረዶች ደህንነት ይቅደም”። ከባነሩ ጀርባ ያለው የሴቶች መጸዳጃ ቤት መዝጊያ የለውም። የባነሩ ላስቲክ ቢቀደድ ሦስት መጋረጃ ይወጣው ነበር፤ ግን ያን ጊዜ መፈክሩን ማን ያነበዋል? ለሴቶች የተለየ ሰልፍም አለ፤ በገመድ ተከልሏል። ገመዱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ጠረጴዛው ዘንድ ያደርሳል፤ ጠረጴዛው ደግሞ “አባወራሽ የታለ?” ይላል። ስለዚህ ወንድ የሌላት ሴት ለደህንነቷ ከተሠራላት ሰልፍ ወጥታ ወንድ ፍለጋ ትሄዳለች። ሩቅም አትሄድ። በገመዱ ጫፍ አንድ ባለ ባርኔጣ ሰው ቆሟል። አምስት ቤት በእሱ ስም ይጠራል፤ ከየቤቱም ዱቄት ይቆነጥራል። ሴቶቹ “የሰፈሩ አባወራ” ሲሉት ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያመሰግናል። ስድብ መሆኑ አልገባውም፤ ወይም ገብቶታል።

ከሰልፉ መጨረሻ የምታመነታ ልጅ አየሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ሁለት ታናናሾቿ ቀሚሷን ይዘዋል። ጥቁር መልበሴን አይታ ነው መሰል ጠጋ አለችኝ።

“እማማ፣ ማንበብ ይችላሉ?”

“ከእሱ ሌላ ሙያ የለኝም። አስተማሪ ነበርሁ።”

ወረቀት ሰጠችኝ። የእርዳታ ካርዷ በባለ ባርኔጣው ስም እንዲወጣ የምትስማማበት ማመልከቻ ነው። ከታች በደቃቅ ጽሑፍ “የመኖሪያ ድንኳኑም በዚሁ አባወራ ስም ይሁን” የሚል አለበት። አነበብሁላት።

“ድንኳኑን አላለኝም ነበር” አለች። “ዱቄቱን ብቻ ነው ያለኝ።” ልጆቹን አየቻቸው። “ካልፈረምሁ እነዚህ ጦማቸውን ያድራሉ። ከፈረምሁ እሱ ይገባል።”

እጇን ይዤ ጠረጴዛው ዘንድ ወሰድኋት። አስተባባሪው ትሁት ወጣት ነው፤ ሲያየኝ ብድግ አለ።

“ነፍስ ይማር እማማ። ጋሼን እኮ በጣም ነው የምናከብራቸው።”

“እግዜር ይስጥልኝ። በል ይችን ልጅ በራሷ ስም መዝግባት።”

“አባወራዋ የታለ?”

“የላትም።”

“እንግዲያ ሳጥኑ ባዶ ይሆናል። ባዶ ከሆነ ታብሌቱ አያሳልፍም።”

“እማወራ ብለህ ጻፋ። የሚለወጠው ሁለት ፊደል ነው።”

“እሱ ጉዳይ ተነስቷል እማማ። ሐይቁ ዳር ባለው ሆቴል ስለ ሴቶች ደህንነት ሦስት ቀን ሠልጥነናል። በሚቀጥለው ዙር ይካተታል።”

“ሦስት ቀን ለሁለት ፊደል? እኔ በሦስት ቀን ሀሁን አስጨርስ ነበር። ከእነዚህ ሴቶችስ ስልጠናው ላይ ማን ነበረች?”

“ተወካያቸው ተገኝቷል” አለና ወደ ባለ ባርኔጣው አመለከተኝ።

ወደ ታብሌቱ ጎንበስ አልሁ። ከዚያ “ሳጥኑ ምን እንደሚል አንብብልኝ” አልሁት።

“የአባወራ ስም።”

“ስም ነዋ ያለው፤ ጢም አላለም። የእሷን ስም ጻፍበት።”

ሰልፉን አየ፤ ፀሐዩን አየ፤ እኔን አየ። ከፊቱ የምነቃነቅ አልመሰልሁትም። የልጅቱን ስም ጻፈ። ታብሌቱ አሰበ፣ አሰበና ተቀበለ። ከጎኑ ያለውን ሳጥን ደግሞ በገዛ ፈቃዱ ሞላው፦ ጾታ፣ ወንድ።

“ወንድ ሆነች!” አለ ደንግጦ።

“እሰይ!” አለች ከኋላችን ሕፃን ያዘለች ሴት። “እኔንም ወንድ አድርገኝ የኔ ልጅ፤ ባል ፍለጋ ከምንከራተት!”

“እኔንም! ጢሙን ቀስ ብዬ አበቅላለሁ!”

ልጅቱ አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። ማመልከቻውን ራሷ ቀደደችው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከዚያ ሰልፍ አንድ ሴት አልቀረም፤ ሁሉም ወንድ ሆነው ዱቄታቸውን ተሸክመው ሄዱ። ባለ ባርኔጣው መጥቶ “የእኔስ ቤቶች?” ቢል፣ ሕፃን ያዘለችው “አንተ መጀመሪያ የራስህ ቤት ግባ፤ ሚስትህ ስትፈልግህ ነበር” አለችው።

ቤቴ ስገባ ይኸን የምነግረው ሰው አጣሁ። ባለቤቴ ምን ይለኝ እንደነበር አስቤ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ተናደድሁበት። ደግ ሰው ነበር፤ ያልተጻፈ ግን አያነብም ነበር። ስንቷ ሴት በዚያ በሚያምር ድምፅ በሰው ስም ተጠርታለች! በሟች ላይ መናደድ አድካሚ ነው፤ መልስ አይሰጥም። ብዙ ቆይቼ እራቴን በላሁ።

ሳምንት ሳይሞላ አስተባባሪው ደወለልኝ።

“እማማ፣ ጉድ ሆንሁ! ከበላይ ጠየቁኝ። በዚህ መጠለያ ሴት ተረጂዎች የት ገቡ ይላሉ።”

“ሴቶቹ ደህና አይደሉም እንዴ?”

“እነሱስ ደህና ናቸው፤ ሪፖርቱ ነው እንጂ።”

ሴቶቹ ቆመው ሲጮኹ ያልሰማ መሥሪያ ቤት፣ ከሠንጠረዥ ሲጠፉበት ሰማ። ሁለቱ ፊደል በሦስት ቀን ውስጥ ተለወጡ፤ ያለ ስልጠና። ሁሉም እንደገና ሊመዘገቡ ስለሆነ የሚጽፍ ሰው ተፈለገ፤ ከሴቶቹ “ያችን አስተማሪ አምጡልን” ያሉ ነበሩ አሉ። ልጅቱ አሁን እማወራ ናት፤ ካርዱም ድንኳኑም በስሟ ነው። እኔም በቀበሌው መዝገብ እማወራ ተብያለሁ፤ ገና አልለመድሁትም።

ረቡዕና ዓርብ ጠዋት በባጃጅ ወደ መጠለያው እሄዳለሁ። ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጬ የመጣችውን ሴት ስሟን እጠይቃታለሁ፤ የነገረችኝን እጽፋለሁ።