መቶ ስምንት ዶላር

አሠሪዬ የጥሪ ካርዱን የሰጠችኝ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን እያጠብኩ ነው። እጄን በሽርጤ ጠርጌ ተቀበልኳት። ወረቀቱ ወፍራም፣ ጽሑፉ ወርቅማ፣ ስሜም በእጅ ተጽፎበታል። ልጇ አሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። በአይሁዶች ደንብ ወንድ ልጅ አሥራ ሦስት ሲሞላው ምኩራብ ቆሞ ኦሪት ያነባል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ሙሉ ሰው ይቆጠራል፣ ድግስም ይደገስለታል። ባር ሚትስቫ ይሉታል። አራት ዓመት ከትምህርት ቤት ያመላለስኩት፣ ምሳውን ያበላሁት፣ ሲያተኩሰው ግንባሩን የዳበስኩት ልጅ ስለሆነ ደስ አለኝ። ከዚያ እናቱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችና፣ «አንቺ ምንም ስጦታ እንዳታመጪ፣ ኦኬ?» አለችኝ።

በደግነት ነው ያለችው፣ ዛሬ ይገባኛል። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። ምን መሰልኳት? ሰው ድግስ ባዶ እጄን ሄጄ፣ በልቼ፣ አፌን ጠርጌ የምመለስ? የያዝኩትን ሳህን እንዴት እንዳልሰበርኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ፌርፋክስ በሚባለው የአይሁዶች ሰፈር የሰው መኪና ፓርክ የሚያደርጉ አንድ የኛ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ብዙ ዓመት ከአይሁዶች ጋር ስለሠሩ ደንባቸውን ያውቃሉ። በዚያ ሳምንት ፓልምስ ሰፈር ወዳለው አፓርትመንቴ በመኪናቸው ሲያደርሱኝ፣ ለእንዲህ ያለ ድግስ ስንት ይሰጣል ብዬ ጠየቅኳቸው። የሚሰጠው በአሥራ ስምንት እየተባዛ ነው፣ ለነሱ አሥራ ስምንት የሕይወት ቁጥር ነው አሉኝ። አሥራ ስምንት፣ ሠላሳ ስድስት፣ ሃምሳ አራት እያለ ይሄዳል። «ላንቺ አሥራ ስምንት ይበቃል። ሠላሳ ስድስት ከሰጠሽማ ተርፎሻል ማለት ነው» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ምን ይተርፈኛል! ካርቱም ከእህቴ ጋር ትቼው የመጣሁት ልጅ ነበረኝ። እሱም በዚያው ዓመት አሥራ ሦስት ሞላው። የመምጫ ወረቀቱ እስኪያልቅ ድረስ በየወሩ መቶ ዶላር በመንገደኛ እጅ እልክለታለሁ፤ የትምህርት ቤቱና የቀለቡ ነው። የዚያ ወር ገንዘብ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ተቀምጧል፣ መቶ አሥር ዶላር። ከቤተ ክርስቲያን የማውቀው አንድ ሰው ሚስቱን ሊያይ ሰኞ ወደ ካርቱም ይበራል። ደብዳቤውንም አስቀድሜ ጽፌ አሽጌዋለሁ። «በዚህ ሰው እጅ መቶ ዶላር ልኬልሃለሁ፣ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ክፈል» ይላል።

ዓርብ ከሥራ ስገባ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ለድግሱ በገዛሁት ፖስታ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ዶላር ከተትኩ። አሠሪዬ ትከሻዬን መታ መታ ያደረገችው ትዝ አለኝ። ሃምሳ አራት አደረግሁት። ያም አሳነሰኝ። ጉድ እኮ ነው፣ እጄ አልቆም አለ። ልቤ የረጋው መቶ ስምንት ላይ ስደርስ ነው። ለልጄ በሚመጣው ደሞዝ እልክለታለሁ፣ ሁለት ሳምንት ምን አላት፣ እህቴ አለችለት አልኩ። መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ሁለት ዶላር ቀረ፣ እሱን ለአውቶቡስ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ የሀገር ልብሴን ለብሼ ምኩራብ ሄድኩ። ልጁ አነበበ። ድምፁ አንዴ እየወፈረ አንዴ እየቀጠነ ሲያስቸግረው፣ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጬ አለቀስኩ። ለየትኛው ልጅ እንዳለቀስኩ እግዜር ይወቅ። ሲያበቃ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ሲለው፣ እኔም ተራዬን ጠብቄ ፖስታውን ዘረጋሁለት። ልጁ ሁለት እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። በዙሪያችን የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። የኔ ገንዘብ ምን አድርጎት ነው ብዬ፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። እናቱ ፈጥና መጥታ በጆሮዬ፣ በሰንበት ገንዘብ አንነካም፣ ነገ ድግሱ ላይ ትሰጪዋለሽ አለችኝ። እኛም ቀዳሚትን እናከብራለን እያልኩ የማወራው እኔ፣ በቀዳሚት ገንዘብ ይዤ ጸሎት ቤት መግባቴ!

ሶ፣ ፖስታው ተመልሶ ቦርሳዬ ገባ። እግዜር አንድ ቀን ጨመረልኝ ማለት ነው፤ አልተጠቀምኩበትም እንጂ። ከሰዓቱን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ፖስታውንና የልጄን ደብዳቤ ጎን ለጎን አድርጌ ቁጭ አልኩ። ሰባ ሁለት ዶላር አውጥቼ ለልጄ መላክ እችል ነበር። የቆጠረው የለ፣ ማን ያውቃል? ግን ያ ሁሉ ሰው ፊት አፍሬያለሁ፣ እንግዲህ ባሳንሰው ሁለተኛ ውርደት ነው አልኩ። ከማን ጋር እልህ እንደተጋባሁ እንጃ። አልነካሁትም።

እሑድ አዳራሹ ውስጥ ልጁን ከነወንበሩ ወደ ላይ አንስተው ጨፈሩ። ሲያወርዱት ፖስታዬን ሰጠሁት፤ አመሰገነኝና ሳያየው ኮቱ ኪስ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ከተተው። ኪሱ አብጦ ነበር። እናቱ፣ ምንም አታምጪ ብዬሽ አልነበር ስትለኝ፣ ኮራ ብዬ ትንሽ ነገር ናት አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን እንደታሸገ ለመንገደኛው ሰጠሁት። ረስቼ ነው እያልኩ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። አልረሳሁም። ከፍቼ «አልላክሁም» ብዬ መጻፉ አሳፍሮኝ ነው።

በሚመጣው ደሞዝ እልካለሁ ያልኩትን የሚወስድልኝ መንገደኛ ሳላገኝ፣ ከወር በላይ ቆይቶ የልጄ መልስ መጣ። ሰውየው የሰጠኝ ደብዳቤ ብቻ ነው፣ ገንዘብ ከእናትህ አልተቀበልኩም ይላል፤ ስላልከፈልኩ ከትምህርት ቤት አባረሩኝ፣ ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን መጻፍ ሲገባኝ፣ ለእግዜር ስጠው ብዬ ጻፍኩለት። ውሸት አልጻፍኩም ብዬ ደግሞ ተጽናናሁ። ሰውየው ከካርቱም ሲመለስ ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ ነሳኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ቅዳሴ እንዳለቀ ውልቅ ማለት ጀመርኩ።

ልጄ ከአንድ ዓመት በኋላ መጣ፤ ቁመቱ በልጦኛል። በመጀመሪያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዤው ስሄድ ሰውየውን አየና ፊቱን አዞረ። «ያ ሌባ» አለኝ በጆሮዬ። ክንዱን ያዝ አድርጌ ዝም አሰኘሁት።

ወር እንኳን አልሞላም፣ አንድ ቅዳሜ እስክሪብቶ ፍለጋ መሳቢያዬን ሲከፍት አንድ ካርድ አገኘ። አይሁዶቹ ስጦታ ለሰጣቸው ሁሉ የምስጋና ካርድ ይጽፋሉ፤ ያ ልጅም ጽፎልኝ ነበር። በዚህ አገር በደግ ቃል የጻፈልኝ ሌላ ሰው ስላልነበረ ልጥለው አልቻልኩም። እንግሊዝኛው እንዳይከብደኝ ብሎ ነው መሰለኝ፣ ልጄ ቆሞ በአማርኛ እየመለሰ ያነብልኝ ጀመር።

«ስለ መቶ ስምንቱ ዶላር በጣም አመሰግንሻለሁ። ብስክሌት እገዛበታለሁ። አንቺ ለኔ እንደ ሁለተኛ እናቴ ነሽ።»

ከዚያ ካርዱ ራስ ላይ ያለውን ቀን አየ። ደግሞ አየው። ከትምህርት ቤት ያባረሩት በየትኛው ወር እንደሆነ እሱ አይረሳም። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፣ ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮህ በወደድኩ። ካርዱን መልሶ መሳቢያው ውስጥ አስገባው።

«ካርቱም እያለሁ ሰውየውን በሰው ፊት ሌባ ብዬዋለሁ» አለኝ። «ኪሱን ገልብጦ አሳየኝ።»

የከተፍኩትን ሽንኩርት ወደ ጎን ገፋሁት።

«ነገ ማን ይቅርታ ይጠይቀው እማዬ፣ አንቺ ወይስ እኔ?»

እኔ እለዋለሁ አልኩ። ሌሊቱን እንዴት ብዬ እንደምጀምር ሳሰላስል አነጋሁ። በማግስቱ ቅዳሴው ሲያልቅ ልጄ ዞር ብሎ አየኝ፣ ትንሽ ጠበቀኝ፣ ከዚያ ብቻውን ወንዶቹ ወደቆሙበት ሄደ። ሰውየው እግር ላይ ሲወድቅ፣ ሰውየውም ደንግጦ ጎንበስ ብሎ ሲያነሳው አየሁ። እኔ ከሴቶቹ መሀል ቆሜ ነጠላዬን አስተካክል ነበር።