የፈረመ ይሳፈራል

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ፣ ከሀዋሳው የትራንስፖርት ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት መዶሻ፣ ባትሪና የቅጽ ጥራዝ ፈርሜ ተረከብኩ። የተሽከርካሪ ምርመራ ክፍል ኃላፊው ጋሽ ጥላሁን ወደ አንድ አውቶቡስ ወሰዱኝና የጎማውን ብሎኖች በመዶሻ መታ መታ አደረጉ።

«ሰማህ? ይሄኛው ላልቷል።»

ለእኔ ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ ነበር። ብሎኑን ስነካው ግን በጣቴ ዞረ።

ብሎኑ ጠብቆ አውቶቡሱ ምርመራውን ካለፈ በኋላ ሹፌሩ የተፈረመውን ወረቀት ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ጋሽ ጥላሁን አልሰጡትም፤ ገብተው ከጎኑ ተቀመጡ። «የእኛ ቤት ደንብ ነው» አሉኝ በመስኮት። «የፈረመ መጀመሪያ ይሳፈራል።»

መኪናው ብቻ ሳይሆን ሐይቁም የእኛ ኃላፊነት ነበር። በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ካድሬ ደወለ። በማግስቱ ሠላሳ ተማሪዎች በጀልባ ሐይቁን ሊጎበኙ ነውና ጀልባዋ ዛሬውኑ ትመርመር አለ። ጋሽ ጥላሁን እኔን ላኩኝ።

ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ስደርስ ጀልባዋ ደረቅ መሬት ላይ ተገልብጣ አገኘኋት። አንድ ወር ሙሉ ለጥገና ፀሐይ ላይ ቆይታ፣ ቀለም ተቀብታ ታብረቀርቃለች። አስቃንቼ፣ ሞተሩን አስገጥሜ አስነሳሁ፣ መሪውን አዞርኩ፣ ጣውላውን በመዶሻዬ መታሁ። ዱካሞ የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ቆመው ያዩኛል።

«ልጄ፣ ይሄ እንጨት በጣም ደርቋል። መጀመሪያ ውሃ ይጠጣ።»

ሳቄ መጣ። ውሃ እንጨት ያበሰብሳል እንጂ ምን ይፈይዳል? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ግን ጠመጠምኩ። ፈረምኩ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ጥላሁን መጡ።

«ፈርመሃል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እንግባ።»

ጀልባዋን ገፍተን ውሃ ላይ ካወረድናት በኋላ ጋሽ ዱካሞም ባልዲ ይዘው ገቡና ሞተሩን አስነሱ። ከዳር ራቅ እንዳልን ውሃው በየጣውላው መጋጠሚያ ይገባ ጀመር። ለካ ቀለሙ የሸፈነው ስንጥቁን ነው። የታዩኝ ሠላሳዎቹ ልጆች ናቸው።

ጋሽ ጥላሁን የፈረምኩበትን ወረቀት ከእጄ ወስደው ኪሳቸው ከተቱ፤ ባልዲውን አነሡና ውሃውን እየቀዱ ወደ ውጭ ይደፉ ጀመር። ጋሽ ዱካሞ ወደ ዳር መለሱን። ስንደርስ ውሃው ጉልበታችን ጋ ነበር።

ቢሮ እንደገባን ጋሽ ጥላሁን ሱሪያቸው ሳይደርቅ ስልኩን አነሡ። በዚያ ዘመን ካድሬን እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«ጓድ፣ ነገ አይሆንም። እንጨቱ አብጦ ስንጥቁ እስኪዘጋ ጀልባዋ ውሃ ላይ ትቆይ። ስህተቱ የእኔ ነው።»

የእኔን ስም አልጠሩም። በሰው እንደዚያ ተደንቄ አላውቅም።

«ጋሽ ጥላሁን፣ ዋና ይችላሉ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ለምን ገቡ?»

«የላክሁህ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጀልባ ስመረምር መጀመሪያ ዓሣ አጥማጆቹን እጠይቅ ነበር። ከዚያ እፈርማለሁ፤ ከዚያ እሳፈራለሁ። ዋና ግን ሆን ብዬ አልተማርኩም። ዋና የማያውቅ ሰው ጀልባ አጥብቆ ይመረምራል።