ሰዓቱ ያልተነገረ ቀብር

ክረምት ገብቶ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር፣ ጎሕ ሲቀድ የአባቴ ጥሩምባ ድምፅ ዛሬም ይመጣብኛል። አባቴ በጎንደር ሰፈራችን የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበር፤ ሰው የሞተ እንደሆነ ገና ሳይነጋ ካፖርቱን ደርቦ ይወጣና፣ ጥሩምባውን እየነፋ የሟቹን ስም፣ የሚቀበርበትን ደብርና ሰዓቱን በየደጁ ሲጠራ ያረፍድ ነበር። እውነቱን ለመናገር የምንበላው ከሰው ሞት ነበር፤ የሰፈር ልጆችም «የመርዶ ልጅ» ይሉኝ ነበር።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነበርኩ፤ ያውም ፍርሃት ቢሉ ፍርሃት! መስከረም ላይ ትምህርት ተከፍቶ አስተማሪው «እስቲ ተነሺ» ሲለኝ፣ የማውቀው ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋ ነበር። አንድ ቀን እንደቆምኩ ሽንቴ አመለጠኝ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ «ልጄን ዓይን በልቷታል» ብላ በጥቅምት ውርጭ ጠበል ታስጠምቀኝ ጀመር፤ እየተንቀጠቀጥኩ ሄጄ እየተንቀጠቀጥኩ እመለስ ነበር።

በበጋው አባቴን ክፉ ሳል ያዘው። ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ጥሩምባውን በጨርቅ እየወለወለ፣ «ምነው ልጄ፣ እኔ የማልፈራ መስሎሽ ነው?» አለኝ። «የሰው ደጅ ቆሜ አፌን ስከፍት እኮ ጉልበቴ ይከዳኛል።»

«ታዲያ እንዴት ትጠራለህ?»

«መጀመሪያ ስሙን እጠራለሁ። ስሙ አንዴ ከወጣ፣ ፍርሃቱ ቢኖርም የቀረውን አይከለክለኝም።»

አላመንኩትም። ያን የመሰለ ድምፅ ያለው ሰው ይፈራል ብዬ እንዴት ልመን!

ነሐሴ ላይ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ አባቴ በእናቴ ክንድ ላይ አረፈ። የእድሩ ዳኛ አያ ምትኩ በምርኩዝ እየተደገፉ መጡና፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጥሩምባ ቀና ብለው አዩት። የሌላ እድር ነፊ እንዳያስጠሩ ሰውየው አይከል ከተማ ለቅሶ ሄዷል። «የሁሉን ሞት ሲጠራ ኖሮ የእሱን የሚጠራ ይጥፋ?» አሉ። እናቴ ደረቷን እየደቃች «ሰው ሳይሰማ ሊቀበር ነው!» ስትል፣ ተነስቼ ጥሩምባውን ከሚስማሩ አወረድኩት።

«አንቺ? ሴት ልጅ?» አሉኝ አያ ምትኩ። ጥሩምባውን ብብቴ ስር ሸጉጬ በአጠገባቸው አልፌ ወጣሁ።

ዝናቡ መሐል ቆሜ ብነፋ፣ ብነፋ፣ ከምራቅ በቀር የወጣ ነገር የለም። ያኔ ስሙን ጠራሁ።

«ዓለሙ! ዓለሙ አረፈ! አባቴ ሞተ!»

ድምፄ ተሰነጣጠቀ እንጂ አልቀረም፤ ቁልቁለቱን ወርጄ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ እየራድኩም እያለቀስኩም በየደጁ ጠራሁት። ደብሩንና ሰዓቱን ግን ጭራሽ ረስቼው ነበር።

ሰዓት ያልተነገረው ሰፈር ምን ያድርግ! እንደሰማ ወጣ፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አንዳንዱም ጫማ እንኳ ሳያደርግ መጥቶ ደጃችንን ሞላው። አያ ምትኩ «ኧረ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ሂዱና ተጠለሉ» ቢሏቸው፣ «ከመጣን መጣን» ብለው ቀኑን ሙሉ በዝናብ ቆሙ። «የመርዶ ልጅ» የሚሉኝ ልጆችም ከእናቶቻቸው ጋር ነበሩ፤ የዚያን ቀን ማንም አልሳቀብኝም።

ዛሬ እዚያው ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር፣ ተማሪዎች ፊት ቆሜ አስተምራለሁ። ፍርሃቱ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው፤ በሩ ጋ ስደርስ ጉልበቴ ይርዳል፣ ገብቼ የአንዱን ተማሪ ስም ስጠራ ግን የቀረው ይከተላል። እድሩም ጥሩምባውን ትቶ መርዶውን በስልክ ይልካል፤ ስሙ፣ ደብሩ፣ ሰዓቱ፣ አንዱም ሳይጎድል ተጽፎ ይመጣል። ባለፈው ክረምት እናቴ ስታርፍም እንዲሁ ተላከ። ሰውም አልቀረ፣ በተባለው ሰዓት መጣ። እስከዚያ ድረስ ግን ደጁ ባዶ ነበር፤ እኔና እሷ ብቻችንን ዝናቡን ስናዳምጥ ቆየን።