ጎርጎራ ሄዳለች አልናት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ዓምና ሚያዝያ ውስጥ ነው። ያልረሳሁት ሌላ ሰው ስለበደለኝ አይደለም፤ በዳዩ እኔው ስለሆንሁ ነው። እንደኔ ሊሳሳት የተዘጋጀ ወላጅ ካለ ያንብበው ብዬ ጻፍሁት።

ባለቤቴ ታማ ብዙም ሳትሰነብት በታኅሣሥ አረፈች። ልጃችን ሶስና ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሆስፒታል ከገባችበት ቀን ጀምሮ እህቴ ቤት አድርገናት ስለነበር ቀብሩንም ለቅሶውንም አላየችም። ድንኳኑ ተነሥቶ ወደ ቤት ስትመለስ ምን እንደምንላት ግራ ገባን። እህቴም ጎረቤቱም በአንድ ቃል «ለልጅ መርዶ አይነገርም፤ ስታድግ ራሷ ትደርስበታለች» አሉኝ። እኔም ከዚያ የተሻለ አላወቅሁም። እውነቱን ለመናገር፣ ፈራሁ።

የባለቤቴ አገር ከጣና ማዶ ጎርጎራ ነው፤ እናቷም እዚያው ናቸው። ስለዚህ ሶስናን «እማዬ ጎርጎራ አያትሽ ጋ ሄዳለች፤ ሲሻላት ትመጣለች» አልናት።

«እሺ» አለች። አላለቀሰችም፤ መቼ ትመጣለች ብላም አልጠየቀችም።

ተገላገልን አልን። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጠንካራ ልጅ ሰጠህ» ይለኝ ነበር፤ እኔም አምኜ እኮራ ነበር። ጥቁር ሸሚዜን የምለብሰው የማስተምርበት ኮሌጅ ከደረስሁ በኋላ ነው፤ ማታ አውልቄ በፌስታል ይዤ እገባለሁ። ጎረቤት የሚያጽናናኝ በር ላይ ቆሞ፣ በሹክሹክታ ነበር። ሶስና ደግሞ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ጨዋ ሆነች። ድሮ ፀጉሯ ሲበጠር ሰፈሩን በለቅሶ የምታናውጥ ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት ማበጠሪያውን ውኃ ነክራ ራሷ አበጥራ ትጠብቀኝ ጀመር። አደገች አልሁ።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቤት የለችም። ከትምህርት ቤት ከተለቀቁ ሁለት ሰዓት አልፏል። አብራት የምትመለሰውን የጎረቤት ልጅ ብንጠይቃት «ወደ ሐይቁ ሄደች» አለችን። ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው እንዲህ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ምን እንደሆነ ይታወቃል። ባጃጅ ይዤ በረርሁ። ዳር ዳሩን ስሟን እየጠራሁ ስሮጥ የጀልባው ወደብ በር ላይ ደረስሁ።

እዚያ አገኘኋት። ከዘበኛው አጠገብ ድንጋይ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ፀጉሯን በውኃ አርሳ አበጥራዋለች።

ዘበኛው ጋሽ አያሌው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ልቆጣት አፌን ስከፍት ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። ይህ የመጀመሪያዋ እንዳልሆነ ነገሩኝ። የጎርጎራ ጀልባ ይገባል በተባለ ቁጥር ትመጣለች፤ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ አይታ ትመለሳለች። ዛሬ ጀልባው ስለዘገየ ነው እሷም የዘገየችው። ማንን እንደምትጠብቅ ጠየቁኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኋቸው።

«ልጄ፣ አንተ መርዶህን ስትረዳ ሰው ከቦህ ነው አይደል? ስትወድቅ የሚይዝህ ነበረህ። እሷን ስለምን ብቻዋን ተዋችኋት?» አሉኝ።

የሶስናን ቦርሳ ተቀብዬ እጇን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኋት።

በማግሥቱ የነፍስ አባታችንን አማከርኋቸው። «እንደ ትልቅ ሰው በወጉ ትረዳ» አሉ። ቅዳሜ ገና ሲነጋጋ እሳቸው፣ እህቴና ሁለት ጎረቤቶች መጡ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እኔም ጥቁሩን ሸሚዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ ውስጥ ለበስሁት። ሶስናን ቀስቅሼ መካከላችን አስቀመጥኋት። የነፍስ አባታችን እጇን ይዘው፣ እናቷ ጎርጎራ እንዳልሄደች፣ ታማ እንዳልዳነችና እንደሞተች በቀጥታ ነገሯት።

የሁላችንን ፊት ተራ በተራ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ፀጉሬን አልሠራም ብዬ ስላስቸገርኋት አይደለም እንዴ የሄደችው?» አለች።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቆይቶ ነው የመጣልኝ። ሶስና ሹሩባ ስትሠራ እያለቀሰች ስታስቸግር እናቷ የምትላት ነገር ነበር፤ «እንዲህ የምትሆኚ ከሆነ ትቼሽ ጎርጎራ እናቴ ጋ እሄዳለሁ» ትላታለች። የእናት ማስፈራሪያ ነው፤ ከአፍ አያልፍም። ስንት ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጬ ሰምቼ ስቄያለሁ። እናትየው በጠፋች ጊዜ ታዲያ ከአገር ሁሉ መርጠን ጎርጎራ ሄዳለች አልናት።

ጠንካራ ያልናት ልጅ አራት ወር ሙሉ ጥፋቷን እየካሰች ነበር።

«አይደለም» አልኋት። «ሞታ ነው እንጂ ትታሽ አልሄደችም።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ጭኔ ላይ ተደፍታ ፀሐይ እስክትወጣ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም። እኔም ሳልደበቃት አለቀስሁ።

አሁን ዓመት አልፎታል። የእናቷን መቃብር ታውቃለች፤ ስለ እናቷ ታወራለች፤ ሲብስባት ታለቅሳለች። ወደቡ ጋ መሄድ ትታለች። እኔ ከቤት ስወጣ የት እንደምሄድና በስንት ሰዓት እንደምመለስ በትክክል እነግራታለሁ፤ ከዘገየሁ በር ላይ ቆማ አገኛታለሁ። ሰው በርትታለች፣ ደኅና ሆናለች ይለኛል። እኔ ግን ያን ቃል ሳምን ምን እንዳደረግሁ ስለማውቅ ልቤ አያርፍም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤታችን ሹሩባ ትሠራታለች። ማበጠሪያው ሲጎትታት ዓይኗ እንባ ይሞላል፤ ትንፍሽ አትልም።

«ካመመሽ አልቅሺ» እላታለሁ።

«አላመመኝም» ትለኛለች።