ዲናሞውና የአባዬ ዓይን

ሰሞኑን መብራት ሄዶ ከስንት ሰዓት በኋላ ሲመጣ፣ የልጅ ልጄ ናሆም ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። «እማማ፣ በቃ ሰለቸኝ። ጣሪያው ላይ በነፋስ የሚሠራ መብራት ልተክል ነው» አለኝ። ስልኩ ውስጥ አንድ ፈረንጅ ከመኪና የተፈታ መብራት ማመንጫ ዕቃ በነፋስ ሲያዞር ይታያል። «ሰዎቹ ግን አልተስማሙም። ግማሹ የድሮው ዲናሞ ይሻላል ይላል፣ ግማሹ የለም አልተርኔተር ነው ይላል።»

ኧረ በስማም! ይሄ ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም እንዴ? እኔ እኮ በጃንሆይ ጊዜ ነው የሰለቸኝ። ደክሞኝ ስለነበር «እንደፈለግህ አድርግ» ብዬ አለፍኩት። ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣ አለ።

ቤታችን ያኔ ከቁስቋም ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ሲል ነበር። የመብራት ምሰሶ ከታች መንገዱ ድረስ መጥቶ ቆሟል። በዳገቱ የምንመላለሰው እኛና ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ብቻ ነን፤ በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው አይጣል ነው። አባዬ ሸማኔ ነበር። ቀን የደንበኛ ሥራ ይሠራል፣ ሲመሽ ደግሞ የእኔን የሠርግ ቀሚስ ይሸምናል። ከበደ፣ ነፍሱን ይማረውና ኋላ ባሌ የሆነው፣ ሽማግሌ ልኮ ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል። አባዬም «ልጄን ሌላ ሸማኔ አያለብሳትም» ብሎ ምሏል።

ችግሩ ኩራዙ ነበር። ጭሱ ያስለቅሰዋል፣ ነጩ ድር ላይም ጥላሸት ይቀመጣል። ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ልጠርገው ስሞክር ይባስ ይጠቁራል። ዓይኑም እየደከመ ነበር። «ይቺን ቀሚስ ልጨርስ እንጂ ከዚያ ወዲያ ቢጠፋም ይጥፋ» ይለኛል።

ከበደና ወንድሜ ግርማ አንድ ጋራዥ ነበር የሚሠሩት። ምሳ ሲበሉ ተማክረው፣ ከጓሯችን ረጅም ባሕር ዛፍ ቆርጠው አቆሙና ከጣውላ የተጠረበ ክንፍ ሊሰቅሉበት ተነሱ። ክንፉ ዕቃውን ያዞራል፣ ዕቃው ባትሪውን ይሞላል፣ ባትሪው የመኪና አምፖል ያበራል። እስከዚህ ድረስ ተስማምተዋል። ጠቡ ዕቃው የትኛው ይሁን የሚለው ላይ ነው። ግርማ ከጣሊያን ካሚዮን የተፈታ፣ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳው አሮጌ ዲናሞ ነበረው። ከበደ ግን ከተገለበጠች አዲስ መኪና የወጣ አልተርኔተር ይዞ ከች አለ። ያኔ አልተርኔተር ብርቅ ነበር፤ ስሙን መጥራቱ ራሱ ያኮራል።

«ለአማቴ አሮጌ ዕቃ ሰቅዬላቸው ሰው ምን ይለኛል?» አለ ከበደ።

«ነፋሱ ዝግ ሲል ምን ልትሆን ነው? ያንተ ዕቃ መጀመሪያ ባትሪ ካላበሉት አይነሳም» አለው ግርማ።

«መኪና ላይ ይሠራ የለም እንዴ?»

«ቤታችን መኪና ነው እንዴ ታዲያ?»

እኔ ገመዱን ይዤ ከሥር ቆሜ እጄ ዝሏል፤ እነሱ ይከራከራሉ። በመጨረሻ ከበደ ረታ። አዲስ አማች ያመጣውን ዕቃ ማን ደፍሮ ይመልሳል?

መጀመሪያ ሰሞን የየካቲት ነፋስ ባሕር ዛፉን ሲያጎነብሰው አምፖሉ ቦግ ብሎ በራ። ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ። አባዬ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰድዶ «ወይ ጉድ! እያንዳንዷን ክር አየኋት እኮ!» እያለ መወርወሪያውን ያስሮጠዋል። እኔም አጠገቡ ማግ እየጠቀለልኩ አንጋጥጬ አምፖሉን አያለሁ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ከዚያ ነፋሱ ዝግ አለ። አልተርኔተሩ የራሱ ማግኔት የለውም፤ ከባትሪው ወስዶ ነው የሚያበጀው። በደንብ ካልሾረ የወሰደውን አይመልስም፣ መብላት ብቻ ነው። አምፖሉ በየምሽቱ ትንሽ ትንሽ እየደከመ ሄደ። ትንሽ ትንሽ ስለሆነ እኛ ወጪ ገቢዎቹ ልብ አላልነውም። ልብ ያለው አባዬ ነው፤ እሱ ደግሞ የደከመው ዓይኔ ነው አለ።

ጾም ስለነበር አንድ ምሽት ሰናፍጭ የበዛበት ስልጆ በእንጀራ ይዤለት ገባሁ። መወርወሪያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ድሩን በጣቱ ይዳብሳል።

«ልጄ፣ አምፖሉ በርቷል አይደል?»

«በርቷል አባዬ።» በርቷል እኮ፣ ምን ልበለው?

«እንግዲያው ቀሚስሽን ለሌላ ሸማኔ ስጪው። እኔ አልቆልኛል» አለኝ። እንባው ሲወርድ ሰናፍጩ ነው ብሎ ስልጆውን ገፋ አደረገው። አባዬን ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። በማግስቱ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ እንጦጦ ማርያም ጠበል ሊጠመቅ ሱባኤ ገባ።

እሱ በሄደ በነጋታው ግርማ ባትሪውን ለካውና ጮኸ። «ሞቷል! ዕቃህ ባትሪውን ጠጥቶ ጨርሶታል!» ሲከራከር የኖረው ከበደ ራሱ ወጥቶ አልተርኔተሩን ፈታ፣ ያንን ድንጋይ የመሰለ ዲናሞ በገመድ ጎትተን ሰቀልነው። ዲናሞው ብረቱ ውስጥ የቀረች የራሱ ማግኔት ስላለችው ባትሪ አይለምንም። ትልቅ መዘውርና ቺንጋ የሚሉት የጎማ ቀበቶ ሲጨመርበት በትንሽ ነፋስም ይሞላል። ባትሪውንም ጋራዥ ወስደው ሞልተው መለሱት።

አባዬ ጠበሉን በጠርሙስ ይዞ ተመለሰ። አመሻሹ ላይ ፈራ ተባ እያለ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ግርማ አምፖሉን አበራ። አባዬ ጥለቱን አየ፣ እጁን አየ፣ እኔን አየ።

«እልል በሉ እንጂ! ማርያም ዓይኔን መለሰችልኝ!»

ሦስታችን ተያየን። ግርማ አፉን ሊከፍት ሲል ከበደ እግሩን ረገጠውና «እንኳን ደስ አለዎት» አለ። እኔም እልል አልኩ። ማን ነው አፉን ሞልቶ ዲናሞው ነው የሚለው? ደግሞስ ማርያም አልሰማችውም ያለው ማን ነው?

ቀሚሱ ለሠርጉ ደረሰ። አባዬ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ በየወሩ በሃያ አንድ እንጦጦን ይወጣ ነበር፤ ስለ ዲናሞው ሳይሰማ ዐረፈ። ከበደ ግን እስኪያረጅ «የእኔ አልተርኔተር ባይኖር ኖሮ አባትሽ መቼ ጠበል ይሄዱ ነበር?» እያለ ያደርቀኝ ነበር።

አሁን እኔም ዓይኔ ላይ ሞራ አለ ተብያለሁ። ዛሬ አመሻሽ ላይ ቀሚሱን ከሣጥን አውጥቼ ጭኔ ላይ ዘርግቼው ነበር። ጥለቱ ደበዘዘብኝ፣ ቤቱም ደበዘዘብኝ። የሰፈሩ መብራት ሲደክም እንዲህ ያደርጋል። ልብስም ሲያረጅ እንዲህ ያደርጋል።

«ናሆም፣ መብራቱ ነው የደከመው ወይስ ዓይኔ?»

ቀና ብሎ አምፖሉን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«መብራቱ ነው እማማ» አለኝ ቶሎ ብሎ። ድምፁ ቁርጥ ያኔ «እንኳን ደስ አለዎት» ያለው የአያቱ የከበደ ነበር። ደግሜ አልጠየቅሁትም።

«እንግዲያውስ ዲናሞውን ስቀልልኝ» አልኩት።