ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የጫንኩት ሶፍትዌር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን ላስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ባለቤቴም «ምን ነካሽ?» ማለት ስለሰለቸው ለእናንተ ላጫውታችሁ።

አቃቂ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተምራለሁ። አማካሪዬ ጽሑፌን አይተው «ቀመሮቹ ተንጋደዋል። በላቴክ ተጽፎ ሰኞ ጠዋት ካልደረሰኝ ምርቃትሽ ለከርሞ ነው» አሉኝ። ላቴክ የሂሳብ ቀመሮችን አሳምሮ የሚያሰፍር ሶፍትዌር ነው። አንዲት ጓደኛዬ ጽሑፌን ወደ ላቴክ ቀይራ፣ ሶፍትዌሩንም ጨምራ በፍላሽ ሰጠችኝ። የቀረኝ ላፕቶፔ ላይ ጭኜ፣ ስህተት ካለ አርሜ መላክ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መጫን ከመጀመሬ መብራት ድርግም። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ካልተሰካ አይሠራም። ወጥቼ ሳይ የጠፋው በእኛ በኩል ያለው የመብራት መስመር ብቻ ነው። ከመንገዱ ማዶ የአባባ ወርቁ ቤት መብራት አለ። አባባ ወርቁ ደግሞ ሌሊቱን አርፈው ድንኳን ተተክሏል። መቼም ለቅሶ መድረሴ አይቀርም፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ላፕቶፔን ከሥሩ ደብቄ ሄድኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ገና ስገባ ዓይኔ የፈለገው ሶኬት ነው።

ለአምፖል ከተዘረጋው ገመድ ጫፍ ላይ አንድ ባዶ ሶኬት አገኘሁ። ሰክቼ ጥግ ይዤ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ተጭኖ ሲያልቅ «ተመስገን!» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ሽፈራው ተነስተው ወደ እኔ መጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ።

«ተባረኪ የኔ ልጅ!» አሉኝ። «የሕይወት ታሪካቸውን ማን ይጽፋል ብለን ጨንቆን ነበር። አንቺ ለካ ሳንነግርሽ ጀምረሻል!»

መቼ ጀመርኩ? ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ኧረ የራሴን ሥራ ነው» እንዴት ይባላል? እሺ ይበልጣል ከሺ ብዬ፣ ከጽሑፌ በፊት አንድ ባዶ ገጽ ከፍቼ መጻፍ ያዝኩ።

ልጆቻቸው ከበቡኝ። ዕድሜ 84። ፋብሪካ የሠሩበት 31 ዓመት። ልጆች 9። የልጅ ልጅ ላይ ስንደርስ ጭቅጭቅ ተነሳ።

«ሃያ ሁለት ናቸው» አለ ታላቁ ልጅ።

«የደብረ ዘይቷን ልጅ ለምን ትዘላታለህ? ሃያ ሦስት ናቸው!» አለች እህቱ፣ እንባዋን እየጠረገች።

23 ብዬ አሰፈርኩ።

የሚታተመውን ገጽ ላሳያቸው ብዬ ሳዝዘው፣ ላቴክ ሆዬ አማርኛውን አንዲት ፊደል ሳያስቀር ዋጠው። ነጩ ገጽ ላይ የቀሩት 84፣ 31፣ 9 እና 23 ብቻ ናቸው። ጋሽ ሽፈራው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩት።

«ልጄ፣ ወርቁ እኮ ሰው ነበር» አሉኝ።

ሀፍረት ገደለኝ። አማርኛው ሳይነካ ከቀረበት የላፕቶፔ መጻፊያ መስኮት ላይ እያየሁ በእስክሪብቶ ገለበጥኩላቸውና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን ተነበበ። እሑድ ቀመሮቼን አንድ በአንድ አርሜ፣ ማታውኑ ላክሁ። ያን ገጽ ሳልሰርዘው መቅረቴን ያወቅኩት ማክሰኞ አማካሪዬ ሲያስጠሩኝ ነው።

የፊተኛው ገጽ ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል። በአራቱ ቁጥሮች ዙሪያ በእርሳስ ያልደመሩት፣ ያላካፈሉት የለም።

«ሌላው ደህና ነው» አሉ ግንባራቸውን እያሹ። «ይቺን ተከታታይ ግን ትናንት ቀኑን ሙሉ ታግዬ ሕጓን አጣሁት። ከየት ያመጣሻት ናት?»

«ይቅርታ ዶክተር» አልኳቸው፤ «ጎረቤቴ ናቸው።»

ነገሩን ስነግራቸው «ነፍስ ይማር» ብለው ገጹን ለይተው አወጡት። ከዚያ ፈረሙልኝ።

ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። አሁን ግን ደስ ይለኛል። አባባ ወርቁ ትምህርት ያቋረጡት ከአራተኛ ክፍል ነው። አንድን የሂሳብ ዶክተር ቀኑን ሙሉ ማስጨነቃቸውን ቢሰሙ እንዴት እንደሚስቁ ሳስበው፣ ሄጄ ልነግራቸው ያምረኛል።