ኹብዝ፣ ክኒንና ቁርባን

በረዶ እበላ ነበር። እንዲህ ስል ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ፤ ያኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። ቤሩት፣ ባዳሮ ሰፈር፣ ማዳሜ ቤት ገብቼ በምሠራበት ጊዜ፣ ሳህን አጥቤ በጨረስኩ ቁጥር ፍሪጁን ከፍቼ ለእንግዳ የተቀመጠውን በረዶ እያወጣሁ ቆርጥሜ እበላዋለሁ። "ያ ቢንቲ፣ ጥርስሽ ይረግፋል! ለእንግዳስ ምን ላቀርብ ነው?" ትላለች ማዳሜ። ጥርሴ አልረገፈም። የረገፈው ፀጉሬ ነው። ወለል ስጠርግ የማገኘው ፀጉር የማዳም ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ቀን አንስቼ በብርሃን ሳየው የራሴ! ጥፍሬ እንደ ወረቀት ይቀደዳል፣ ምላሴ ይለበልበኛል፣ ልብስ ስተኩስ እጄ ድርቅ ብሎ ይቀራል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ደግሞ በረንዳ ወጥቼ የአበባውን አፈር ጎንበስ ብዬ አሸታለሁ፤ ማሽተት ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ ልበላው ያምረኛል። "ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ አበድሽ እንዴ!" እላለሁ ለራሴ።

ማዳሜ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ አልዋሽም። ከፋርማሲ የብረት ክኒን ገዝታ መጣችልኝ። "ደም የለሽም ሀቢብቲ፣ ኸላስ፣ ይሄን እየዋጥሽ ትድኛለሽ" አለችኝ። ዋጥኩ። ብውጥ ብውጥ ሆዴን ከመንፋት በቀር የፈየደልኝ የለም። ጎረቤቷም፣ እህቷም፣ ባሏም ያዩኝ ሁሉ አንድ ነገር አሉ፦ ጾም ነው። "እንዴት ሰው ሥጋ ሳይበላ፣ ወተት ሳይጠጣ ይህን ሁሉ ቀን ይቆማል? ሀራም!" አሉኝ።

እውነትም ይመስላል። ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ቁልቁል እወርዳለሁ፤ ፋሲካ አልፎ ሲሰነብት ቀና እላለሁ። ለምን አላምን? በዚያ ቤት ውስጥ የጾም ምግብ ማለት ኹብዝ ነው። ድስቱ ሁሉ ሥጋና ቅቤ የነካው ስለሆነ ለእኔ የሚተርፈው ያ ስስ የዐረብ ዳቦ ብቻ ነው። ኹብዙን ዛዕተር በሚሉት ቅመምና በዘይት፣ ኹብዙን በወይራ፣ ኹብዙን በሻይ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ ቆይቼ ቁጭ ስል ስንት ኹብዝ እንደምጨርስ ማን ይቆጥረዋል! ብቻ እጠግብና ተመልሼ እዝላለሁ። በመጨረሻ ታክቶኝ ለአባ ደወልኩላቸው። አባ የንስሐ አባቴ ናቸው፤ ያኔ በስልክ ብቻ ነው የምንተዋወቀው። "ልጄ፣ የታመመ ሰው ይብላ፤ እግዚአብሔር ያውቃል" አሉኝ። እያለቀስኩ ጾሜን ተውኩና እንቁላል መብላት ጀመርኩ። እንቁላሉን በምን? በኹብዝ!

ለምን እንዳለቀስኩ ልናገር። እኔ መቁረብ ነበር የምፈልገው። በሕይወቴ ከዚያ በላይ የፈለግሁት ነገር አልነበረም፤ ባልም፣ ቤትም፣ አገርም ከዚያ ወዲያ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የቆረብኩት በልጅነቴ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደ ብዙዎቻችን ኮረዳነት መጣ፣ ኃፍረት መጣ፣ ራቅሁ። ቤሩት ስመጣ ደግሞ እሑድ መውጫ የለኝም፤ ማዳሜ በሩን ትቆልፈዋለች። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል እኔ ማድ ቤት ቆሜ ታቡሌ የሚሉትን የቅጠል ሰላጣ እከትፋለሁ። እጄ ቅጠሉን ሲቆርጥ ልቤ ቅዳሴ ቆሞ ነው የሚውለው። የራበኝ ይመስለኛል፤ በልቼም የሚርበኝ ረሃብ ነበር። ጾሜን ስተው ከዚያ ማዕድ ይበልጥ የራቅሁ መሰለኝ።

ከማዳሜ ቤት ከወጣሁ በኋላ ናባዓ ሰፈር ከአንዲት የጎንደር ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ሀደት በሚባል ሌላ ሰፈር በቀን ሥራ ቤት ማጽዳት ያዝኩ። የመኖሪያ ወረቀት የለኝም፤ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። ግን እሑድ የእኔ ሆነ። የእኛ ሰዎች ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ተውሰው ወደሚቀድሱበት ቦታ በመጀመሪያው እሑድ ስሄድ፣ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ደረጃው ላይ አይቼ እዚያው በራፉ ላይ ተቀመጥኩ፤ መግባት አቃተኝ። አባን ያን ቀን በአካል አየኋቸው። ረጅም ይመስሉኝ ነበር፤ አጭር ናቸው። "መቁረብ እፈልጋለሁ አባቴ" አልኳቸው። ቀኖና ሰጡኝ፣ ስግደት ሰጡኝ። "የፍልሰታን ጾም ጨርሺና ትቆርቢያለሽ" አሉኝ። አቤት ያን ዕለት ደስ ሲለኝ! ከጎንደሯ ልጅ ጋር እስከ ናባዓ በእግራችን እየሳቅን ተመለስን።

በፍልሰታ፣ በዚያ በነሐሴ ሙቀት፣ ሕመሜን ችዬ እጾማለሁ ብዬ ጾምኩ። የምበላው ያው ኹብዝ ነው፤ ስንደላቀቅ ደግሞ እንጀራ። የናባዓ እንጀራ ጤፉ ጥቂት፣ ዱቄቱ ብዙ ነው፤ ጤፍ ብቻውን የሚጋግር ማን አለ? ጾሙ ሳያልቅ ሀደት የምሠራበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። ስነቃ የጎንደሯ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ "ወይኔ ወይኔ" ትላለች፤ ተደውሎላት ነው የመጣችው። "አንቺም እንደ ማዳሜ ጾም ነው በዪኝ እንጂ!" ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ፤ ድምፄ አልወጣም።

ወረቀት የማይጠይቅ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ዐረብኛዋን ቀስ አድርጋ ነው የምትናገረው። ደም ቀዳችኝ፤ በሌላ ቀን በአፌ ቀጭን ቱቦ አስገብተው አንጀቴን አዩት። ከዚያ አስቀምጣ ነገረችኝ። ብረት የለሽም፣ ፎሊክ አሲድ የለሽም፣ ቢ አሥራ ሁለት የለሽም፣ ቫይታሚን ዲ የለሽም፣ ካልሲየምሽም ወርዷል። "ታዲያ ምን አለኝ ዶክተር?" ስላት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። "የምትበዪው ምግብ አይደለም ያነሰሽ፤ አንጀትሽ ነው የማይቀበለው" አለችኝ። ጤነኛ አንጀት ውስጡ እንደ አዲስ ፎጣ ለስላሳ ፀጉር አለው፤ የእኔ እንዳረጀ ፎጣ ተመልጧል፣ ውኃ ቢያፈሱበት አይጠጣም። ክኒኑም ያልሠራው ለዚህ ነው። "ማን መለጠው?" አልኳት። "ስንዴ" አለችኝ። ስንዴና ገብስ ለሰውነቴ ጠላት ናቸው፤ በሽታው ሴሊያክ ይባላል፤ ዕድሜ ልኬን ፍርፋሪ እንኳ መቅመስ የለብኝም።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የያዘኝ። "ጾሙስ? ጾም አይደለም ያሳመመኝ?" አልኳት። "ጾም አይደለም። ስትጾሚ የምትበዪው ዳቦ ነው" አለችኝ። ጎትቼ እጇን ሳምኳት። ደነገጠች ምስኪን። ያንን ሁሉ ዓመት እግዚአብሔርን አማሁት፤ ለእርሱ ብዬ የማደርገው ነገር የጎዳኝ መስሎኝ! ለካ ጾሜ ንጹሕ ነው። ሰርቪስ በሚሉት ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሹፌሩ በመስታወት ያየኛል። ምስር በሩዝ፣ ድንች፣ ሽምብራ እየበላሁ እጾማለሁ፣ እድናለሁ፣ እቆርባለሁ እያልኩ ሄድኩ። ናባዓ ስወርድ ጥጉ ላይ ያለው ፎርን የሚሉት ዳቦ ቤት ኹብዝ እያወጣ ነው። ትኩስ ሽታው መጣ። እንግዲህ አንተን ደህና ሁን ልበልህ ብዬ በፈገግታ ቆምኩና፣ እዚያው ክው አልኩ።

ቁርባኑም ስንዴ ነው።

ለጎንደሯ ልጅ ስነግራት ተቆጣች። "እንዴ! የጌታ ሥጋ ሊያሳምምሽ? እምነት አንሶሽ ነው እንጂ!" አለችኝ። "እምነትማ አለኝ፣ አንጀት ነው የሌለኝ!" ብዬ ጮህኩባት። ሁለት ቀን ተኳረፍን። እሷ ናት መጀመሪያ የተመለሰችው፤ በትንሽ ሳህን ጤፍ ለብቻ አቡክታ ለእኔ ብቻ የሚሆን እንጀራ ጋግራ አቀረበችልኝ። በላሁ። ግን የተናገረችው ቃል ውስጤ ቀረ። ብፈራ አላመንኩም ማለት ነው? ብደፍር ደግሞ እግዚአብሔርን መፈታተን አይሆንም? ያን ጊዜ ያለቀስኩትን ልቅሶ ለማንም አልመኝም። ማዳም በሩን ስትቆልፍብኝ ቁልፉ ከእሷ ጋር እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንድ ቀን እከፍተዋለሁ እላለሁ። የገዛ ሰውነቴ ሲቆልፍብኝ ማንን ልለምን?

አባ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። መስቀላቸውን እያገላበጡ "እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም፤ አባቶችን ልጠይቅ" አሉኝ። ፍልሰታ አለፈ።

እስኪጠይቁ ድረስ እኔ ዳንኩ። የሚገርመው እሱ ነው። ብረቱን በደም ሥር ሰጡኝ፣ ቢ አሥራ ሁለቱን በመርፌ፣ ቫይታሚን ዲውን በጠብታ፣ ካልሲየሙን በክኒን፤ ዳቦ ከቀረ በኋላ ክኒኑም ሠራ። ፀጉሬ ግንባሬ ላይ እንደ ጫጩት ላባ አጭር አጭር ሆኖ በቀለ። የምላሴ መለብለብ ተወኝ። የሀደትን ደረጃ ባልዲ ይዤ እየዘፈንኩ እወጣለሁ። አፈር አያምረኝም፣ በረዶ አያምረኝም። ሥጋዬ የጎደለበትን ሁሉ አገኘ። የቀረው ያ አንድ ረሃብ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጸጥ ሲል የእሱ ድምፅ ብሶ ተሰማኝ። እሑድ እሑድ የሚቆርቡት ሲሄዱ ዓይኔን ወደ መሬት እጥላለሁ። እቀናለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

አንድ እሑድ አባ ጠሩኝ። ፊታቸው በርቷል። "ሕፃናት ሥጋውን ማኘክ ስለማይችሉ ደሙን ብቻ እናቀብላቸው የለ? አንቺም እንደ እነሱ ትቀበያለሽ። ደሙ ሙሉ ነው፣ ምንም አይጎድልሽም" አሉኝ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ጽዋው ውስጥ ምን አለ ምን የለም ብዬ መመርመሩን ለባለቤቱ ተውኩት።

በቁርባኑ ቀን ሕፃናት ካዘሉ እናቶች ጋር ተሰለፍኩ። ፊቴ ያለችው ልጅ እግር እናት ዘወር ብላ አየችኝና "እህቴ፣ ሕፃንሽስ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"እኔው ነኝ" አልኳት።

ልትስቅ ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው፣ ጠጋ ብላ ከፊቷ አሳለፈችኝ። ሰልፉ ሥጋውን በያዙት በአባ ፊት አልፎ ጽዋውን ወደያዘው ዲያቆን ይሄዳል። እናቶቹ ሕፃናቱን እንደታቀፉ አልፈው ይሄዳሉ፤ እኔም ማለፍ ነበረብኝ፤ ተነግሮኛል፣ አውቃለሁ። አባ ፊት ስደርስ ግን አፌ ሳላዘው ተከፈተ። የአባ እጅ ወደ እኔ መጣ፤ መንገድ ላይ ቆመ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። "እለፊ ልጄ" አሉኝ፤ ድምፅ አልነበረውም፣ ከንፈራቸው ብቻ ነው። አለፍኩ። ዲያቆኑ ደሙን አቀበለኝ።

ሙሉ ነው ብለውኛል፤ አምናለሁ። እየቆረብኩ ነው፣ ደህና ነኝ። ግን ተሰልፌ አባ ፊት በደረስኩ ቁጥር አፌ ይከፈታል።